ቀምሼዋለሁ ያልኩት ወይን

የጡረታ ቢሮዋ ልጅ የሥራ ዘመኔን ከኮምፒውተሯ ላይ አንብባ ለመጨረስ አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም። ያገኘችው ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ባዳንቴ ይላል፤ አሮጊት ጠባቂ ማለት ነው። ሁለተኛው ፑሊዚዬ ይላል፤ ጽዳት። «ሌላ የሠሩት ሥራ አለ፣ ሲኞራ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬም ሦስቴ ጉሮሮውን ጠርጓል።

ወጥቼ ትራም ስጠብቅ ግን ተናደድኩ፤ በልጅቷ ሳይሆን በራሴ። እኔ አስካለ፣ ሮም ከተማ ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የፈረንሳይ ወይን ስቀምስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይህን ለቢሮ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ለአገሬም ሰው ቢሆን ቀላል አልነበረም። ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ምሳ የምንገናኘው ጓደኛዬ በለጡ መጀመሪያ ስነግራት «አሎራ፣ እንግዲህ ሰው ጠጥቶ ከሥራው ይባረራል፣ አንቺ ጠጥተሽ ትቀጠሪያለሽ!» ብላ ምግብ ቤቱን በሳቅ አናግታዋለች።

አሠሪዬ ሲኞር ኤቶሬ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሱቃቸውም ተሸጦ ዛሬ የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። እንግዲህ ስለዚያ ሥራ የሚናገር ከእኔ ሌላ አልቀረም። ስናገር ግን ለመኩራት ብቻ አይደለም። አንድ የዋሸሁት ውሸት አለ። እሱን ደብቄ ሙያዬን ብቻ ባወራ ደግሜ እንደመዋሸት ይሆንብኛል።

ሮም የመጣሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። የተቀጠርኩት የኤቶሬን እናት፣ ሲኞራ ፒናን፣ እንድጠብቅ ነበር። ልጃቸው ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ የወይን መሸጫ ነበራቸው፤ እሑድ እሑድ አንድ ጠርሙስ ይዘው ይመጡና ለእናታቸው ሁለት ጣት ያህል ይቀዳሉ። አንድ እሑድ ለእኔም ቀዱልኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ መጣብኝ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ሰባራ ባቡር አጠገብ ጠጅ ትጥል ነበር። ጠጁ ከመጠመቁ በፊት ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። አክስቴ ትጠምቃለች፤ የእኔ ሥራ ጭንቅላቴን ጋኑ ውስጥ ከትቼ ማሽተት ነበር። የሻጋታ ሽታ ካለ «ይሄ አልጠራም» እላለሁ፣ ጋኑ እንደገና ይታጠባል። ያን እሑድ ብርጭቆው ውስጥ ያገኘሁትም እሱኑ ነው። «የዚህ ጋን አልታጠበም» አልኩ፣ በዚያ በተሰባበረው ጣሊያንኛዬ።

እናትየው ሳቁ። ኤቶሬ ግን ብርጭቆዬን ተቀብለው አሸተቱ፣ የራሳቸውንም አሸተቱ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ወስደው ደፉት። ለካስ ቡሹ ሻጋታ ይዞ ወይኑን አበላሽቶታል። «እኔ በሁለተኛው ጉንጭ ነበር የማገኘው» አሉኝ፣ በመገረም እያዩኝ።

ሲኞራ ፒና ሲያርፉ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ጥቂት ወር ቀርቶት ነበር። ሥራ ከሌለ ፔርሜሶ የለም። እኔ የማለቅሰው ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ሳይለይልኝ ኤቶሬ «ከሰኞ ጀምሮ ሱቅ ነይ» አሉኝ። ኮንትራቱ ላይ ጽዳት ተብሎ ተጻፈ፤ ለመዝገቡ የሚቀለው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ረሱት፣ እኔም አላስታወስኳቸው።

ኤቶሬ ቁመታቸው አጭር፣ ጸጉራቸው ሁልጊዜ የተበጠረ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነበር። ሽቶ የተቀባ ሰው ምድር ቤት አያስገቡም፤ ካርዲናልም ቢሆን። እጃቸውን የሚታጠቡት ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። ያስተማሩኝ ደግሞ በመጽሐፍ አልነበረም። «የፈረንሳይን ወይን ለማወቅ ደረጃ ይበቃሻል» ብለው ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደውን የድንጋይ ደረጃ አሳዩኝ። ዐሥራ አንድ እርከን ነው። እሱን ቡርጎኝ የሚባለው የፈረንሳይ የወይን አውራጃ ኮረብታ አደረጉልኝና ጠርሙሶቹን ይደረድሩበት ጀመር።

«ኮረብታው አናት ላይ ድንጋይ ይበዛል» አሉ፤ እዚያ ላይ የመንደራቸውን ስም ብቻ የያዙትን አስቀመጡ። «ከታች ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል»፤ እዚያ የአውራጃውን ስም ብቻ የያዙት ተቀመጡ። «ወገቡ ላይ ግን ፀሐዩም ልክ ነው፣ ውሃውም ይወርዳል።» ከአምስተኛው እርከን እስከ ሰባተኛው ድረስ ፕሪሚዬ ክሩ የሚባሉትን ደረደሩና ከመካከላቸው ከሁሉ የከበሩትን፣ ግራን ክሩ የሚባሉትን፣ አኖሩ። አንድ ነገር እንዳስተውልም ነገሩኝ፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቦታ ስም እያጠረ በሄደ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል። ግራን ክሩ የማሳውን ስም ብቻ ነው የሚይዘው፤ መንደሩንም አውራጃውንም አይጠራም። ታዋቂ ሰው «የእገሌ ልጅ ነኝ» እያለ እንደማይዞረው ሁሉ። አንዳንድ ቦታ በሁለት ማሳ መካከል ያለው የእግር መንገድ ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ወዲህ ያለው ጌታ ይባላል፣ ወዲያ ያለው ጭሰኛ።

ቦርዶ ደግሞ ሌላ አገር ነው። እዚያ ማዕረጉ የማሳው ሳይሆን ወይኑን የሚያመርተው ቤት ነው። በ1855 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ፓሪስ ላይ ለተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ተብሎ፣ የወይን ደላሎች ቤቶቹን ወይናቸው በሚያወጣው ዋጋ አምስት ደረጃ ላይ አሰለፏቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ያ ደረጃ ቆሟል፤ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ ማለት የቻለ አንድ ቤት ብቻ ነው። ባለማዕረግ ቤት የጎረቤቱን ማሳ ቢገዛ ማሳው አብሮ ይከብራል።

«ገባኝ» አልኳቸው። «ቦርዶ ሹመት ነው፣ ቡርጎኝ ርስት ነው።» ሹመትና ርስት ምን እንደሆኑ እስካስረዳቸው እኩለ ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ሲያስረዱ «በሲኞራ አስካለ አገር እንደሚሉት» እያሉ ይጀምሩ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ መጀመሪያ አንገሽግሾኝ ነበር። ሰው በአጥንትና በዘር ሲቆጠር ካየሁበት አገር ነው የመጣሁት። ሮምም ቢሆን ሠራተኛ ስትቀጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከየት ናት?» ተብሎ ነው፤ ቀጥሎ ነው እጇ የሚታየው። «ወይኑንም ከየት ነህ እያልን ልናስቀድመውና ልናስከትለው ነው እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ኤቶሬ አልተቆጡም። «ማዕረጉ ስለ መሬቱ የተሰጠ ምስክርነት ነው» አሉ። «ስለ ጠርሙሱ ግን የመሰከረ የለም። ስለዚህ እንቀምሳለን።» ይህን ብለው የእናታቸውን የሱፍ ካልሲ ከመሳቢያ አወጡ። የምንቀምሰውን ጠርሙስ ሁሉ ካልሲ ያለብሱት ነበር፤ ስሙ እንዳይታይ። ቀምሰሽ ፍርድሽን ከተናገርሽ በኋላ ነው ካልሲው የሚወልቀው። ስንት ጊዜ ባለማዕረጉን ጥለን ተራውን እንዳነሣን እኔ ነኝ የማውቀው። ሽታውን የምጠራውም በራሴ ቋንቋ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። «የሌላ ሰው ቃል አትበደሪ፤ አንቺ ያሸተትሽውን ጥሪው» ይሉኛል። እኔም ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ ያደረ ብርዝ እያልኩ እጠራለሁ፤ እሳቸው በጣሊያን ፊደል ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። አስካል በግዕዝ የወይን ዘለላ ማለት መሆኑን በነገርኳቸው ቀን «ይህን በቅጥርሽ ቀን ብትነግሪኝ ደመወዝ እጨምርልሽ ነበር» ብለው ሳቁ። አልጨመሩም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብን፤ እሱንም ተነጋግረንበት አናውቅም። እኔ ጿሚ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሰንበትን ሳይጨምር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አላስገባም። ኤቶሬ ይህን ያዩት ነበር። ሳልጠይቃቸው አዲስ ሣጥን የሚከፈተውን ከሰዓት በኋላ አደረጉልኝ።

እኔም የእሳቸውን ጉድ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ክረምት ኃይለኛ ጉንፋን ይዟቸው ከተነሡ በኋላ አፍንጫቸው አልተመለሰም። መጀመሪያ ጤና አዳሙን ከአዝሙዱ መለየት አቃታቸው፤ ኋላ ጭራሽ ሁሉም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ካልሲ የለበሰውን ጠርሙስ ወደ እኔ ገፋ ያደርጉና «እስቲ አንቺ ቅደሚ» ይላሉ። እኔ ስናገር እሳቸው ከኋላዬ ይከተላሉ። ለደንበኛ የሚናገሩት የእኔን ቃል ነው። የሮም ሰው በኤቶሬ አፍንጫ ይምላል፤ አፍንጫው ግን የእኔ ነበር። እኔ እንደማውቅ ያውቃሉ፤ ግን በመካከላችን አንድም ቀን ተነግሮ አያውቅም። ያ ነገር ቢወጣ ስማቸው እንደሚያልቅ፣ የእኔም ቦታ አብሮ እንደሚያልቅ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንዲህ አራት ዓመት ቆየን።

አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ የኤቶሬ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነበሩ። ዳኛው ሚስታቸውን ሲያገቡ የገዟቸውን ሦስት ጠርሙስ የቡርጎኝ ግራን ክሩ ምድር ቤታችን በአደራ አስቀምጠው ነበር። የጋብቻቸው አርባኛ ዓመት ሲደርስ ኦስቲያ ባሕር ዳር ባለው ቤታቸው የምሳ ግብዣ ተደገሰ፤ ሁለቱ ጠርሙስ ለዚያ ቀን፣ ሦስተኛው ለሃምሳኛው ተባለ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። የጣሊያኖቹ ፋሲካ እሑድ አልፏል፤ ከተማው በበግ ሥጋና በቸኮላት ጠግቦ ተኝቷል። ለእኛ ግን ሰሙነ ሕማማት ነበር። እኔ ከስግደት የተነሣ ጉልበቴ አብጧል፣ ውሃ እንኳ የምቀምሰው ወደ ማታ ነው።

እንዲህ ያለ ያረጀ ወይን አተላው እንዳይናወጥ ሱቅ ውስጥ ነው የሚዘጋጀው። ጠዋት ጠርሙሱ በቀስታ ይከፈታል። አንገቱ ሥር ሻማ በርቶ ወይኑ ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ይንቆረቆራል፤ በብርሃኑ አተላው ወደ አንገቱ ሲመጣ ሲታይ ይቆማል። ይቀመሳል። ጠርሙሱ ታጥቦ ወይኑ ይመለስበታል፣ ይደፈናል። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ መቅመሱን ብቻ አላደረግሁም።

የመጀመሪያውን አሸተትኩት፤ የሚያምር ነበር። ሁለተኛውን አሸተትኩት፤ ዝም አለኝ። ሻጋታ አልሸተተኝም። ግን ሌላም ነገር አልሸተተኝም። ያኔ ጉንጬን ባረጥብ ኖሮ ወዲያው አገኘው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ የቡሹ በሽታ የሚገኘው በአፍንጫ ሳይሆን በምላስ ነው። እኔ ግን ካልሲም አላለበስኩትም። ዓይኔ ስሙ ላይ አረፈ። ግራን ክሩ፤ አርባ ዓመት የተኛ ጌታ። «ቀስ ብሎ ይነቃል» አልኩ በልቤ። ለኤቶሬ «ዛሬ ልቀምስ አልችልም» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ነገር ግን አፍንጫዬ ተሳስቶ አያውቅምና ተማመንኩበት። ትዕቢት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ኤቶሬ ካፖርታቸውን ለብሰው ወረዱ። ጠርሙሶቹን አዩ፣ ብርጭቆዎቹን አዩ፣ መሬት ላይ ያለውን፣ ቀምሰን የምንተፋበትን ባልዲ አዩ።

«ቀመስሽው?» አሉኝ።

«ቀመስኩት።»

ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብለው ሣጥኑን አነሡ።

ዐሥራ ስድስት ሰው ነበር ማዕዱ ላይ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲቀዳ ዳኛው ተነሥተው የሚስታቸውን የሲኞራ ኢሬኔን እጅ ሳሙ። ሁለተኛው ተከፈተ። ወጉ እንደሚያዘው ኤቶሬ ለራሳቸው ጥቂት ቀድተው ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ፔርፌቶ፣ እንከን የለውም» አሉና ለሁሉም ቀዱ። እኔ መስኮቱ ሥር ነጭ ሽርጥ አድርጌ ቆሜያለሁ።

የዳኛው አማች ነው መጀመሪያ ብርጭቆውን ያስቀመጠው። «ይቅርታ፣ ይህ ቡሽ ቡሽ ይላል» አለ። ዳኛው ቀመሱ። ሌሎችም ቀመሱ። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲመለስ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፣ አንድ በአንድ።

«ኤቶሬ» አሉ ዳኛው፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። «አንተ ይህን እንዴት ሳታገኘው ቀረህ?»

የኤቶሬ ጆሮ ቀላ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። እኔስ? አፌ ተቆለፈ። ለመቅመስ ያልተከፈተ አፍ ለእውነትም አልተከፈተም።

በሳምንቱ ወሬው ተዳረሰ። ሁለት ምግብ ቤቶች መምጣት አቆሙ። አንዱ ደንበኛማ «ሲኞር ኤቶሬ ደክሟቸዋል» እያለ እኔው ፊት ያዝንላቸዋል። እሳቸው ወደ ምድር ቤቱ መውረድ ተዉ፤ ላይ ቁጭ ብለው የመንገዱን ሰው ያያሉ።

በሕማማት ካህን አይናዝዝም። ትንሣኤ እስኪያልፍ ጠበቅሁና ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። አባ ብዙ አልተቆጡኝም። «ቀምሰሽ ብትተፊ ጾም ያፈርሳል አያፈርስም ብለን እኔና አንቺ እንከራከር ነበር» አሉ። «በውሸቱ ላይ ግን ምን ያከራክረናል? ጾሙን ሰበብ አታድርጊው ልጄ። የንስሐሽ ግማሽ እዚህ ነው፣ ግማሹ እዚያ ሽማግሌው ዘንድ ነው። ሂጂና ጨርሺው።»

ሄድኩ። ኤቶሬ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «አልቀመስኩትም ነበር፤ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው ቆሜ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ባልዲው ደረቅ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? አልቀመስሽም ብልሽ፣ እርስዎስ ለምን አይቀምሱም ትዪኝ ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት። «አንቺ አንድ ቀን ዋሸሽ። እኔ አራት ዓመት ዋሽቻለሁ።»

ሁለታችንም አለቀስን። ለማልቀስ እንኳ ኤቶሬ ሥርዓት አላቸው፤ መጀመሪያ የሱቁን በር ዘጉ። ከዚያ ተነሥተው ያን ስንት ቀን ያልረገጡትን ደረጃ ወረዱና ሦስተኛውን ጠርሙስ ይዘው ወጡ።

ኦስቲያ ስንደርስ ዳኛው ራሳቸው ናቸው በር የከፈቱልን። ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፤ አሁን ግን ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ኤቶሬ ሳይቀመጡ ተናገሩ። «አፍንጫዬ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ከእኔ የሰማችሁት ሁሉ የሲኞራ አስካለ ቃል ነው። አደራችሁን አምጥቻለሁ፤ ውሰዱትና ለሌላ ሰው ስጡ።»

እኔም ተናገርኩ። «ያን ቀን ጾም ላይ ነበርኩ። ያስዋሸኝ ግን ጾሙ አይደለም። ስሙን አይቼ አመንኩት፣ ሳልቀምስ ቀመስኩ አልኩ። ሲኞር ኤቶሬ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉም ቆሜ ሰማሁ።»

ዳኛው ጠርሙሱን ከኤቶሬ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ከዚያ «ክፈቺው» አሉኝ።

«ለሃምሳኛው የተቀመጠ እኮ ነው!» አሉ ሲኞራ ኢሬኔ።

«እስከዚያ ማን ይኖራል፣ ኢሬኔ? ትክፈተው።»

ቡሹ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ግማሹን በቡሽ መክፈቻው ጫፍ አጥምጄ አወጣሁት። ሻማ ፈለጉልኝ ሲኞራ ኢሬኔ፤ ትንሽ የብር መቅረዝ አምጥተው አበሩልኝ። አንቆርቁሬ ለራሴ ጥቂት ቀዳሁ። የከበረ ስሙን ላለማየት ጠርሙሱን በመሐረብ ጠቀለልኩት። አሸተትኩ። ከዚያ አፌን ሞላሁት። መትፊያ አልነበረም፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾምም የለም፤ ዋጥኩት።

ባልና ሚስቱ ያዩኛል። ኤቶሬ ግን ወንበሩን ይዘው ያጎነበሱት እንደ ተከሳሽ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉኝ ኤቶሬ ቀስ ብለው። እንደ ድሮው በራሴ ቋንቋ ነገርኳቸው፤ ዝናብ የነካው ቀይ አፈር፣ ያደረ ጽጌረዳ፣ በሥርዓት የታጠነ ጋን። ቃሉን እየደገሙ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት።»

ኤቶሬ ቀና አሉ። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበሉና፣ የራሳቸውን ብርጭቆ ሳያነሡ፣ ለዳኛው ቀዱላቸው።